ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሲቆራረጥ፦ ስለ ዋይፋይና ስለ ኔትወርክ ገመድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘፈኑ ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ትናንት ሲጫወት ያመሸው ስፒከር ዛሬ አፑ ላይ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ወይ የኢንተርኔት ፍጥነት ያሳድጋል፣ ወይ ስፒከሩን ሊቀይር ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ከሁለቱም አይደለም። ችግሩ ያለው ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን፣ ከራውተሩ፣ እስከ ስፒከሩ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ይህን መንገድ ደግሞ ማንንም ሳትጠሩ ራሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ችግሩ የኔትወርክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጆሯችሁ ይነግራችኋል። የኔትወርክ ችግር ድምፁን ይቆርጠዋል እንጂ ጠባዩን አይቀይረውም። ሙዚቃው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ የዳታ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ፓኬት መንገድ ላይ ቢጠፋ እንደገና ይላካል። በዚህ መሃል ሙዚቃው እንዳይቆም ስፒከሩ ለጥቂት ሰከንዶች የሚበቃ ዳታ አስቀድሞ ይይዛል። ይህ ቋት በፈር ይባላል። በፈሩ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አይሰማችሁም። ሲያልቅ ዝም ይላል።

ስለዚህ ድምፁ ከቆመ፣ ከዘለለ ወይም አፑ ላይ ክቧ ምልክት መሽከርከር ከጀመረች ኔትወርኩን ጠርጥሩ። የማያቋርጥ ጉምጉምታ ከሰማችሁ፣ ቤዙ ከጠፋ ወይም ድምፁ በአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ግን ራውተሩን አትነካኩ። እሱ የኤሌክትሪክ፣ የድምፅ ገመድ ወይም የራሱ የስፒከሩ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ለዩ። ሁሉም ስፒከር ከቆመ ራውተሩ ወይም ኢንተርኔቱ ነው። አንዱ ብቻ ከቆመ የዚያ ስፒከር ቦታ ወይም ገመድ ነው። ሌላው ሁሉ ሠርቶ አንድ የሙዚቃ አገልግሎት ብቻ ካስቸገረ፣ አፑን አድሳችሁና ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ከገባችሁ በኋላ እስኪስተካከል መጠበቅ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ዘፈን በስፒከሩ ያለችግር እየተጫወተ የኢንተርኔት ሬዲዮ ብቻ ከተቆራረጠ ደግሞ የቤታችሁ ኔትወርክ ደህና ነው። ችግሩ ከቤት ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ነው። ይህን ማጣራት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ሳያጣሩ አዲስ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል።

ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው። ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?

ሙዚቃ የሚፈልገው ብዙ ፍጥነት ሳይሆን የማይቋረጥ ፍሰት ስለሆነ ነው። ከፍተኛው የኤምፒ3 ጥራት 320 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ያልታመቀ የሲዲ ጥራት 1,411 ኪሎቢት፣ ማለትም ወደ 1.4 ሜጋቢት ይጠጋል። 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ የሆነው ከባድ ፋይል እንኳ ሳይታመቅ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። ጥራት ሳይቀንስ ፋይል በሚያሳንሰው በፍላክ ሲታመቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መስመራችሁ ይህን ያህል ሳያቋርጥ ካደረሰ ይበቃል። በላዩ ላይ 100 ሜጋቢት ብትጨምሩበት ለሙዚቃው የሚፈይድለት የለም።

ስልካችሁን ራውተሩ አጠገብ ይዛችሁ የለካችሁት ፍጥነት መደርደሪያ ጥግ ስለተቀመጠው ስፒከር ምንም አይነግራችሁም። መለካት ካለባችሁ ስፒከሩ ካለበት ቦታ ለኩ። ቁጥሩ በየጊዜው የሚዋዥቅ ከሆነ ፍንጩ እሱ ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያት አፕሎድ ነው። ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲጭኑ የመላኪያው መስመር ይሞላል። ያኔ ስፒከሩ ቀጣዩን ዳታ ለመጠየቅ የሚልካት ትንሽ መልእክት እንኳ ወረፋ ትጠብቃለች። ሙዚቃው የሚቆራረጠው ማታ ማታ፣ ስልኮቹ ሁሉ ቻርጅ ላይ ሲሆኑ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስቡ። ራውተራችሁ ኪውኦኤስ የሚባል ቅድሚያ መስጫ ካለው የአፕሎዱን መጠን ገደብ አድርጉበት። ከሌለው የክላውድ መጫኛውን ሰዓት መቀየር ይበቃል።

አጥፍቶ ማብራት መፍትሔ ነው?

ለዛሬ አዎ። ቅደም ተከተሉ ግን ለውጥ ያመጣል። ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። መጀመሪያ ሞደሙን፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚቀበለውን ሳጥን፣ ሰክታችሁ መብራቶቹ እስኪረጋጉ ጠብቁ። ከዚያ ራውተሩን፣ ቀጥሎ አንዱን የኔትወርክ መስመር ለብዙ ገመድ የሚያከፋፍል ስዊች ካላችሁ ስዊቹን፣ በመጨረሻ ስፒከሩን። ስፒከሩ ቀድሞ ከበራ አድራሻ የሚሰጠው ራውተር ገና አልተነሳምና ባዶ እጁን ይቀራል።

በየጥቂት ቀኑ ማጥፋትና ማብራት ካስፈለጋችሁ ግን ችግሩ አልተፈታም። የመጀመሪያ ተጠርጣሪው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ዕቃ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። ራውተሩ ለእያንዳንዱ ዕቃ አድራሻ የሚያድለው በጊዜ ገደብ ነው። አንዳንድ ስፒከር አድራሻው ሲታደስ ግራ ይጋባል፤ አንዳንዴም ሁለት ዕቃዎች አንድ አድራሻ ይይዛሉ። መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለስፒከሩ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ነው። አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ይረሳል። የስፒከሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ካገኛችሁት ከራውተሩ ምንም አልተሰጠውም ማለት ነው። ለራሱ የፈጠረው አድራሻ ነው፣ በእሱ ኢንተርኔት አይወጣም።

2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል ወይስ 5?

እነዚህ ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሰራጭባቸው ሁለት የሞገድ ዓይነቶች ናቸው። ስፒከሩ ከራውተሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ወይም አንድ ግድግዳ ብቻ ከልሎት ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ። ሁለትና ከዚያ በላይ ግድግዳ ካለ 2.4 ሊሻል ይችላል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ጭንቅንቅ የሌለበት ነው፣ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። 2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን የተጨናነቀ ነው። ብሉቱዝ እዚያው ነው። የጎረቤት ዋይፋይ እዚያው ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ምግብ ሲሞቅ ሙዚቃው ቢቆም አይግረማችሁ።

2.4 ላይ ከሆናችሁ ቻናሉን፣ ማለትም በሞገዱ ውስጥ ያለውን መስመር፣ ራሳችሁ ምረጡ። እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ነፃ አፖች የጎረቤት ራውተሮች የትኛው ላይ እንዳሉ ያሳዩአችኋል። ከሦስቱ ብዙም ያልተያዘውን ውሰዱ። 3 ወይም 8 ላይ ማስቀመጥ ብልህ ምርጫ ይመስላል፣ ግን በሁለት በኩል ረብሻ ያስገባል። የቻናሉን ስፋት ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት። ለሙዚቃ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ አንድ ለማወቅ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ የራዳር ሞገድ ሲሰማ ቻናሉን ለቆ የመውጣት ግዴታ አለበት። ያኔ ስፒከሩ ያለምንም ምክንያት ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል። አንዳንድ ስፒከር ጭራሽ እነዚህን ቻናሎች አያያቸውም። ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ አስቀምጡት፣ ይህ ጣጣ ይቀራል።

ራውተሩን የት ላስቀምጠው?

ከወለል ከፍ ብሎ፣ ቤቱ መሃል፣ ገላጣ ቦታ። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ትልቅ መስታወት ፊት ለፊት አይደለም። ብረትና መስታወት ሞገዱን ይመልሱታል፣ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል፤ በራውተሩና በስፒከሩ መሃል የዓሣ ገንዳ ካለም ያስቸግራል። ራውተሩ ላይ በዩኤስቢ 3.0 የተሰካ ሃርድ ዲስክ ካለም አርቁት። የዩኤስቢ 3.0 ገመድና መሰኪያ 2.4 ጊጋኸርዝን የሚረብሽ ሞገድ ያወጣል።

ስፒከሩን ራሱንም አትርሱት። ከግድግዳው 20 ወይም 30 ሳንቲሜትር ፈቀቅ ማድረግ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳይ አፕ ካላችሁ ቁጥሩ በዲቢኤም ይነበባል፣ ከዜሮ በታች ነው። ነጌቲቭ 50 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። እስከ ነጌቲቭ 67 ድረስ ለሙዚቃ ይሆናል። ነጌቲቭ 75 እና ከዚያ በታች ከወረደ መቆራረጡን ጠብቁ።

ስፒከሩ ዋይፋይ ላይ ነው፣ አፑ ግን አያየውም። ለምን?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው፣ ማማረሩም ተገቢ ነው። ሁሉም ነገር የተገናኘ ይመስላል፣ ግን ምንም አይሠራም።

ስልኩ ስፒከሩን የሚያገኘው ኔትወርኩ ውስጥ ላሉት ሁሉ "ማን አለ?" ብሎ በመጣራት ነው። ከስልክ ሆኖ ሙዚቃ ስፒከር ላይ ለማጫወት የሚያገለግሉት ኤርፕሌይ፣ ክሮምካስትና ስፖቲፋይ ኮኔክት የሚጠቀሙት ኤምዲኤንኤስ የሚባለውን መንገድ ነው። በቤት ኔትወርክ ፋይል የሚያካፍለው ዲኤልኤንኤ ደግሞ ኤስኤስዲፒ የሚባለውን። እነዚህ ጥሪዎች ከአንድ ኔትወርክ አልፈው ወደ ሌላው አይሄዱም። ስለዚህ ስልኩና ስፒከሩ በተለያየ ኔትወርክ ላይ ካሉ ሁለቱም ኢንተርኔት እያላቸው አይተያዩም።

መጀመሪያ ስልኩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ አለመሆኑን እዩ። የእንግዳ ኔትወርክ የተሠራው ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነው። በዋናው ኔትወርክ ላይም ይህንኑ የሚያደርግ አይሶሌሽን የሚባል ሴቲንግ አለ፤ በርቶ ከሆነ አጥፉት። ስልኩ ላይ ቪፒኤን ካለም ዝጉት። አይፎን ከሆነ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ የቤት ኔትወርክ ለማየት ፈቃድ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሲጠይቃችሁ ሳታነቡ "አይ" ብላችሁ ከሆነ አፑ ምንም አያይም። ሴቲንግ ውስጥ የግላዊነት ክፍል ገብታችሁ ፍቀዱለት።

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ ቤት ውስጥ ሁለት ራውተር እንዳለ አጣሩ። የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጣችሁ አንድ፣ ራሳችሁ ገዝታችሁ የጨመራችሁት ሌላ። ሁለቱም አድራሻ የሚያድሉ ከሆነ ሳታውቁት ሁለት ኔትወርክ ሠርታችኋል። ሁለተኛውን አድራሻ ሳያድል ዋይፋይ ብቻ በሚያሰራጭበት፣ አክሰስ ፖይንት በሚለው ሞድ ላይ አድርጉት። በእኔ ግምት ራውተር በተጨመረበት ቤት ስፒከር ጠፋ ሲባል ከሌላው ሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

አዲሱን ስፒከር ገና ከመጀመሪያው ማገናኘት አቃተኝ።

ብዙ ርካሽ ስፒከሮች 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚያውቁት። ስልካችሁ 5 ላይ ሆኖ ሲያስተዋውቃቸው አንዳንዴ እምቢ ይላሉ። ለማገናኘት ያህል 5 ጊጋኸርዙን ራውተሩ ላይ አጥፉት፣ ከተገናኘ በኋላ መልሱት። የዋይፋዩ ጥበቃ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከሆነም ቆየት ያለ ዕቃ አይገባም። ደብሊውፒኤ2ንም የሚቀበለውን ቅይጥ ሞድ ምረጡ። ፓስዎርዱ ውስጥ ባዶ ቦታ ወይም እንግዳ ምልክት ካለ ደግሞ ለጊዜው ቀለል ባለ ቀይራችሁ ሞክሩ።

በገመድ ሰካሁት፣ አሁንም አይሠራም።

መጀመሪያ መሰኪያው ጎን ያሉትን ትንንሽ መብራቶች እዩ። ምንም ካልበራ ጉዳዩ የሴቲንግ አይደለም። ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም የስዊቹ ቀዳዳ ነው። በሌላ ገመድ ሞክሩ፣ ቀጥሎ በሌላ ቀዳዳ። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ የገባ መስሎ እየላላ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ገመድ ለቁም ነገር አትጠቀሙበት።

የኔትወርክ ገመድ ውስጥ 8 ሽቦዎች አሉ። ለ100 ሜጋቢት የሚያስፈልጉት 4ቱ ናቸው፣ ለጊጋቢት ግን ሁሉም። ስለዚህ አንድ ሽቦ የተበጠሰበት ገመድ 100 ላይ ወርዶ ሊሠራ ይችላል። ለሙዚቃ 100 ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ ደህና የድምፅ ማጫወቻዎችም የተሠሩት በ100 ሜጋቢት መሰኪያ ነው። አሳሳቢው ፍጥነቱ መውረዱ ሳይሆን መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግንኙነቱ መቋረጡ ነው። ርዝመቱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ካት5ኢ የሚል የተጻፈበት ተራ ገመድ ይበቃል።

ገመድ ከሰካችሁ በኋላ መላው የቤቱ ኔትወርክ ከተንቀራፈፈ ወይም ከሞተ ክብ ሠርታችኋል። አንድ ስዊች በሁለት ገመድ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ዳታው እየዞረ ሁሉንም መስመር ይሞላል። አንዱን ገመድ ንቀሉ፣ ወዲያው ነፍስ ይዘራል።

ስፒከሩ በገመድም በዋይፋይም የሚሠራ ከሆነ ገመዱን ስትሰኩ ዋይፋዩን ከሴቲንግ አጥፉት። አንዳንዱ ሁለቱን ይዞ ይወዛገባል። ከላይ ያነሳሁት ጉምጉምታ የመጣው የኔትወርክ ገመዱን ከሰካችሁ በኋላ ብቻ ከሆነ፣ ገመዱ በብረት ፎይል የተሸፈነ ዓይነት መሆኑን እዩ። የብረት ሽፋኑ የሁለት ዕቃዎችን የመሬት መስመር ያገናኝና ጉምጉምታ ያመጣል። ሽፋን በሌለው ተራ ገመድ ስትተኩት ይጠፋል።

ገመድ መዘርጋት አልችልም። ሪፒተር ይሻላል ወይስ ሜሽ?

ሜሽ፣ ማለትም ተናበው እንደ አንድ ኔትወርክ የሚሠሩ የዋይፋይ ሳጥኖች፣ ይሻላል። ተራ ሪፒተር በአንድ ራዲዮ ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። ለሙዚቃ ግማሹም ሊበቃ ይችላል፣ ግን ሪፒተሩን ሲግናል የደከመበት ክፍል ውስጥ ካስቀመጣችሁት የደከመውን ነው የሚደግመው። ቦታው ራውተሩና ስፒከሩ መሃል ነው።

በቤቱ የመብራት መስመር ኔትወርክ የሚያሳልፉ ፓወርላይን አዳፕተሮችም አሉ። እንደ ሽቦው ዕድሜና አዘረጋግ አንዱ ቤት በጣም ጥሩ፣ ሌላው ቤት የማይረቡ ይሆናሉ። መመለስ ከሚቻልበት ቦታ ግዙ። የምትሰኩት ደግሞ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ማከፋፈያ ላይ ከሆነ ሲግናሉ ይዳከማል።

ከተቻለ ግን አንድ ገመድ እንኳ ዘርጉ። ከቦታው የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ ቴሌቪዥንም ቢሆን፣ በገመድ ሲሆን ዋይፋዩ ለቀሩት ይቀላል። ዋናውን ስፒከር በገመድ ማድረግ ከየትኛውም ውድ ራውተር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስልኬን ይዤ ስወጣ ሙዚቃው የሚቆመው ለምንድን ነው?

ሙዚቃው በስልካችሁ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ብሉቱዝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ክሮምካስትና ስፖቲፋይ ኮኔክት ግን ስልኩን እንደ ሪሞት ብቻ ይጠቀማሉ፤ ሙዚቃውን ስፒከሩ ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል። ስልኩ ቢዘጋም ይቀጥላል። በቤት ውስጥ መቆራረጥ ለሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ምክንያቱም በመሃል አንድ ደካማ ድልድይ ይቀንሳል።

ኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ስፒከሩ ማንበብ አቆመ።

ዊንዶውስ ከሆነና ዕቃው ቆየት ያለ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጀምሮ ኤስኤምቢ1 የሚባለውን የድሮ ፋይል ማጋሪያ አብሮ መጫን አቁሟል። ያቆመው ለደህንነት አደገኛ ስለሆነ ነው፤ መልሳችሁ እንድታበሩት አልመክርም። በምትኩ ዘፈኖቹን በዲኤልኤንኤ የሚያካፍል ነፃ ፕሮግራም ጫኑ፣ ዲኤልኤንኤ የሚያውቅ ከሆነ አሮጌው ስፒከርም ያነበዋል። የመጀመሪያው ዘፈን ብቻ ለመጀመር ብዙ ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩ ተኝቶ እየነቃ ነው፣ ብልሽት አይደለም።

ውድ የኔትወርክ ገመድ ድምፁን ያሻሽላል?

አያሻሽልም። ዳታው ወይ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይ እንደገና ይላካል። ከደረሰ በኋላ በፈር ውስጥ ገብቶ ስፒከሩ በራሱ ሰዓት ነው የሚያጫውተው። ለገመድ ልታወጡ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር አስቀምጡት።

ሁሉንም ሞከርኩ፣ አልተስተካከለም። ፋብሪካው እንዳወጣው ልመልሰው?

ከዚያ በፊት የስፒከሩንና የራውተሩን ሶፍትዌር አድሱ። ካልሆነ ስፒከሩን የስልካችሁ ሆትስፖት ላይ አገናኙት፤ አፑን ለመክፈት ግን ሁለተኛ ስልክ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ሆትስፖቱ ላይ ሳይቆራረጥ ከተጫወተ ስፒከሩ ጤነኛ ነው፣ ወደ ራውተሩ ተመለሱ። እዚያም ከተቆራረጠ አሁን ሪሴት አድርጉት። ሪሴት የዋይፋይ ፓስዎርዱን፣ የክፍሉን ስምና ያስቀመጣችኋቸውን ሬዲዮ ጣቢያዎች ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ከሪሴት በኋላም ሆትስፖት ላይ ከተቆራረጠ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።